በታይላንድ ለሚኖር አዲስ መጪ፦ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሕጉና ስለ ቤተ መንግሥቱ ወግ

ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ታማሚ ለማስታመም ወደ ባንኮክ የሚመጣ ወገናችን ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ ንጉሡ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በአገራችን ዘውድ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስላለፈው አብዛኞቻችን ንጉሥን የምናውቀው ከአያቶቻችን ጨዋታና ከድሮ ብር ላይ ካለው ምስል ነው፤ እዚህ ግን ንጉሥ ዛሬም በዙፋኑ ላይ ያለ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ምስሉ የተሰቀለ፣ ክብሩም በብርቱ ሕግ የሚጠበቅ ነው።

በዙፋኑ ላይ ያሉት የቻክሪ ሥርወ መንግሥት አሥረኛው ንጉሥ ማሃ ቫጂራሎንግኮርን ሲሆኑ፣ ሥርወ መንግሥቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1782 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባንኮክን መናገሻ ባደረጉት በራማ 1ኛ ነው። በ1932 በተደረገው የመንግሥት ለውጥ ፍጹማዊው የዘውድ አገዛዝ ቀርቶ ንጉሡ በሕገ መንግሥት ሥር ቢሆኑም፣ ሕዝቡ ለዘውዱ የሚሰጠው ክብር በተለይ በአባታቸው በንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ የ70 ዓመት ዘመን እጅግ ጠንክሯል። እኚህን በ2016 ያረፉትን ንጉሥ በዕድሜ ገፋ ያሉ ታይላንዳውያን ዛሬም እንደ ወላጅ አባት ያነሷቸዋል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የእኛ አባባል እዚህ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ይገኛል፤ የ2017ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ንጉሡ የማይደፈሩና በማንም የማይከሰሱ መሆናቸውን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ደግሞ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን የሰደበ፣ ስማቸውን ያጠፋ ወይም የዛተባቸው ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ያዛል። ቅጣቱ በእያንዳንዱ ድርጊት ለየብቻ የሚቆጠር በመሆኑ አምስት ጽሑፍ የለጠፈ ሰው አምስት ክስ ሊቀርብበት ይችላል፤ በጃንዋሪ 2024 አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ጽሑፎቹ የተነሣ በአንድ ታይላንዳዊ ላይ በድምሩ 50 ዓመት የፈረደው በዚሁ አቆጣጠር ነው። ክስ ለማስጀመር የቤተ መንግሥቱ አቤቱታ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ይችላል።

የውጭ ዜጋ መሆንም አያድንም። በቺያንግ ማይ ከተማ ሰክሮ በንጉሡ ምስሎች ላይ ቀለም የረጨ አንድ የስዊዘርላንድ ዜጋ በ2007 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበት፣ በኋላ በንጉሡ ምሕረት ተፈትቶ ከአገር ተባሯል። በ2025 ደግሞ በታይላንድ ለረጅም ጊዜ ያስተማረ አንድ አሜሪካዊ ምሁር በዚሁ አንቀጽ ተይዞ ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ቢተወውም ሰውየው ቪዛውንም ሥራውንም አጥቶ አገሩን ለቋል። በእኔ አስተያየት ለአዲስ መጪ ከፍርዱ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያስተምራል፣ ምክንያቱም ነጻ መባል ብቻውን የመኖሪያ ፈቃድን አይመልስም።

ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ በአንደበትና በስልክ ላይ ነው። ታይላንዳውያን ራሳቸው በሕጉ ላይ አንድ አቋም የላቸውም፤ በ2020 ወጣቶች የዘውዱ ሥርዓት እንዲሻሻል ጠይቀው አደባባይ ወጥተዋል፣ በ2023 ምርጫ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲም አንቀጽ 112 እንዲሻሻል በማቀዱ በቀጣዩ ዓመት በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ፈርሷል። ክርክሩ የባለቤቶቹ ነው። የሥራ ባልደረባዎ ስለ ቤተ መንግሥቱ ቢያማ እንኳ ሰምቶ ማለፍ እንጂ የራስን መጨመር፣ በተለይም እኛ ጨዋታ ሲደምቅ እንደምናደርገው «እኛ እኮ ንጉሣችንን አውርደናል» እያሉ ማወዳደር አይገባም። የሌላውን ጽሑፍ ማጋራትም እንደ መጻፍ ሊቆጠር ይችላል፤ በአማርኛ ስለጻፍኩት ማን ያነበዋል ማለትም አያዋጣም፣ ስልኩ ራሱ ይተረጉመዋልና።

አክብሮቱ በተግባር ሲታይ ከባድ አይደለም፤ አብዛኛው በጊዜው ቆም ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በባቡር ጣቢያዎች፣ በመናፈሻዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ምሽት ላይ በሉምፒኒ መናፈሻ የተገኘ ሰው ይህን በደንብ ያየዋል፦ ድምፅ ማጉያው ሲጀምር ሲሮጥ የነበረው ሁሉ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ዜማው ሲያበቃም ምንም እንዳልተፈጠረ ሩጫው ይቀጥላል። የንጉሡ መዝሙር ከዚህ የተለየ ሲሆን፣ በሲኒማ ቤት ፊልሙ ሊጀመር ሲል ከምስላቸው ጋር ይቀርባል። ዛሬ ዛሬ የማይነሱ ወጣት ታይላንዳውያን አሉ፤ እርስዎ ግን በእነሱ አይመሩ፣ ይነሱ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሌላ ጥያቄ፣ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው ይህን ማድረጉ ከእምነቱ ጋር አይጋጭም ወይ የሚል ነው። ታይላንዳውያን በንጉሡ ፊት መሬት ላይ ተደፍተው ሲሰግዱ በቴሌቪዥን ማየት ያስደነግጣል፤ ከውጭ ዜጋ የሚጠበቀው ግን በጸጥታ መቆም ብቻ ነው። ንጉሡ በሕገ መንግሥቱ ቡድሂስት መሆን ቢኖርባቸውም፣ የሃይማኖቶች ሁሉ ጠባቂ ተብለው ተሰይመዋል።

ገንዘብም የንጉሡ ምስል ስላለበት በክብር ይያዛል። ገበያ ውስጥ የወደቀ የባት ኖት ነፋስ ሲወስደው በእግር ረግጦ ማስቆም ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ እዚህ ግን እግር ከአካል ሁሉ ዝቅተኛው ተደርጎ ስለሚታይ፣ የንጉሡን ፊት መርገጥ ብርቱ ነውር ነው። ጎንበስ ብሎ በእጅ ማንሣት ነው እንጂ፣ ካልሆነም ይሂድ።

ቀለማትም የራሳቸው ትርጉም አላቸው፤ እያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ቀለም ስላለው የአሁኑም የቀድሞውም ንጉሥ የተወለዱበት ሰኞ ቢጫ ነው፣ ቅዳሜ የተወለዱት የአሁኑ ንጉሥ ባለቤት የንግሥት ሱቲዳ ቀለም ደግሞ ሐምራዊ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ወይም የልጅዎ ትምህርት ቤት በአንድ በዓል ቢጫ ልበሱ ካለ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ መመሪያ ይውሰዱት። የንጉሡ እናት ንግሥት ሲሪኪት በኦክቶበር 2025 ሲያርፉ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ጥቁር ለብሰዋል። በ2016 ንጉሥ ቡሚቦል ሲያርፉም የጥቁር ልብስ ፈላጊ በዝቶ ሕዝቡ ያለውን ልብስ ጥቁር እስከ ማስነከር ደርሶ ነበር። ልቅሶ መድረስን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ደህና ጥቁር ልብስ ከሻንጣ አይጥፋ።

ታላቁን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። በር አካባቢ ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰድዎ» የሚል ባለ ቱክቱክ (ባለ ባጃጅ) አታላይ ነውና ሳይመልሱለት ወደ በሩ ይቀጥሉ። በግቢው ባለው ቤተ መቅደስ ጫማ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ይወልቃል፤ የአረንጓዴውን ቡድሃ ሐውልት ልብሰ ወርቅም በበጋ፣ በዝናብና በቀዝቃዛው ወቅት መግቢያ የሚቀይሩት በወጉ ንጉሡ ናቸው። ከሥርዓቶቹ ሁሉ ለገበሬ ልጅ የሚጥመው ግን በሜይ ወር በሳናም ሉዋንግ ሜዳ የሚከናወነው የንጉሣዊ እርሻ በዓል ነው። የተጠመዱት በሬዎች ካረሱ በኋላ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፣ ሣር፣ ውሃና አረቄ ይቀርብላቸዋል፤ በመረጡት መሠረትም የዓመቱ ምርት ይተነበያል። አረቄውን ከመረጡ ንግድ ይሰምራል ይባላል፤ የእኛ በሬ እንዲህ ያለ ግብዣ አግኝቶ አያውቅም።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ንጉሣዊ በዓላቱን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርግ፦ ኤፕሪል 6 የቻክሪ ቀን፣ ሜይ 4 የዘውድ ጭነት መታሰቢያ፣ ጁን 3 የንግሥቲቱ ልደት፣ ጁላይ 28 የንጉሡ ልደት፣ ኦገስት 12 የእናቶች ቀን፣ ኦክቶበር 13 የራማ 9ኛ (የንጉሥ ቡሚቦል) መታሰቢያ፣ ኦክቶበር 23 የንጉሥ ቹላሎንግኮርን ቀን፣ ዲሴምበር 5 የአባቶች ቀን ናቸው። በእነዚህ ቀናት የኢሚግሬሽን ቢሮ ዝግ ነው። የውጭ ዜጋ በየ90 ቀኑ ለኢሚግሬሽን የሚያቀርበውን የአድራሻ ሪፖርት ከቀነ ገደቡ 15 ቀን አስቀድሞ ማቅረብ ስለሚቻል፣ ቀኑ ከበዓል ጋር የሚገጥምበት ሰው ቀደም ብሎ ይጨርስ።