ዳቦ ከማቆማችሁ በፊት ደም ተመርመሩ

አሜሪካ ገብታችሁ ሆዳችሁ ከተነፋ ወይ ተቅማጥ አልለቅ ካለ፣ አንዱ ዘመድ «ስንዴ ነው፣ ተዪው» ማለቱ አይቀርም። እኔም ተብያለሁ። ተውኩት፣ ቀለለኝም። ከወራት በኋላ ስመረመር ግን ሐኪሟ «ዳቦ ትተሽ ከመጣሽ ይሄ ውጤት ምንም አይነግረኝም» አለችኝ፤ እንደገና ዳቦ ስበላ፣ እንደገና ስሰቃይ ሳምንታት አለፉ።

ነገሩ ሁለት ነው። ስንዴ በበላችሁ በደቂቃዎች ወይ በሰዓታት ውስጥ ሽፍታ ወይም የከንፈር እብጠት የሚመጣ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ደማችሁ ውስጥ አይጂኢ (IgE) የሚባለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ይለካሉ። ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አለርጂ አለባችሁ ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ከምልክቱ ጋር አያይዞ ነው የሚያየው። ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ።

ሌላው ሴሊያክ ነው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ሰበብ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ለእሱ የሚታዘዘው ቲቲጂ አይጂኤ (tTG-IgA) የሚባለው የደም ምርመራ የሚሠራው ግሉተን እየበላችሁ ከሆነ ነው፤ ካቆማችሁ የሚፈለገው ነገር ከደም እየቀነሰ ይሄድና በሽታው እያለ «ነፃ ነሽ» ትባላላችሁ። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይ እህት ሴሊያክ ካለባቸው ሳትጠየቁ ተናገሩ።

በፖስታ ከጣት ደም ልከን የማይስማማችሁን ምግብ ሁሉ እንነግራችኋለን የሚሉትን ግን እለፏቸው። አብዛኞቹ የሚለኩት አይጂጂ (IgG) የሚባል ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ምግቡን መብላታችሁን እንጂ እንደማይስማማችሁ አያሳይም፣ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራትም አይመክሩትም። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ሽሮ ተከልክላችሁ ትቀራላችሁ።

አሁን ወደ እንጀራችን። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ሐኪሙም ጉግል አድርጎ ይሄንኑ ያነባል። እዚህ ሱቅ የምንገዛው ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይ ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ «ዳቦ አልበላም፣ እንጀራ ነው የምበላው» ብላችሁ አትለፉት፣ ፕላስቲኩን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩት። «ግሉተን ፍሪ» የሚል ከሌለበት አትመኑ፤ ያ ጽሑፍ እዚህ አገር በሚሊዮን ከ20 እጅ በታች ግሉተን ማለት ነው። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ያስተርጉምልኝ ብላችሁ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።

እናታችሁ የላከችላችሁ በሶም ገብስ ነው፣ እሱንም ለሐኪሙ ንገሩት።