ባዮጋዙ ለምን እምቢ አለ? ጭድና ገለፈት ለምትጨምሩ

እበት ብቻ የለመደ የባዮጋዝ ማብላያ (እበት ተብላልቶ የሚነድ ጋዝ የሚወጣበት ዝግ ጉድጓድ) ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ ወይም የእሸት ቡና ገለፈት ሲገባበት ሊያኮርፍ ይችላል። ግንበኛውን ከመውቀሳችሁ በፊት ምን እንዳበላችሁት አስታውሱ።

ጋዝ አለ፣ ግን አይነድም

ማብላያው አዲስ ከሆነ አትደንግጡ። መጀመሪያ የሚወጣው አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታል። ቫልቩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ ልቀቁት። በአካባቢው እሳትም ሲጋራም አይኑር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞክሩት።

ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ ያቆመው፣ መውጫው ላይ ያለውን ዝቃጭ አሽትቱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ጉዱ እዚህ ነው። ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ሥራ ተከፋፍለዋል። አንደኞቹ ምግቡን ሰባብረው አሲድ ያደርጉታል፣ ሁለተኞቹ ያንን ወደ ሜቴን፣ ማለትም ወደሚነደው ጋዝ፣ ይለውጡታል። ሁለተኞቹ ዘገምተኞች ናቸው፤ አሲድ ሲበዛባቸው ደግሞ ጭራሽ ያቆማሉ። ብዙ ገለፈት ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ በአንዴ ስትደፉ የሚሆነው ይሄው ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) 7 አካባቢ መሆን ሲገባው ከ6.5 በታች ይወርዳል።

መፍትሄው መመገብ ማቆም ነው። ሽታው ሲለወጥ እኩል ውሃ በተቀላቀለበት ትኩስ እበት በጥቂቱ ጀምሩ። ኖራ ጨምሩ የሚሉ አሉ። ይረዳል፣ ግን መጠኑን መሳት ቀላል ነው። እኔ ደህና ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ የተቀዳ ባልዲ ዝቃጭ እመርጣለሁ።

ጋዙ ቀስ በቀስ አነሰ

ጭድ ይንሳፈፋል። ከላይ ተጋግሮ ወፍራም ቅርፊት ይሠራና ጋዙን ያፍነዋል። በዚያ ላይ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ቶሎ አይብላላም። በጣት አንጓ ቁመት ክተፉት፣ በእበትና በከብት ሽንት ለቀናት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ከእበቱ ጋር ጥቂት ጥቂት አስገቡ። ቅርፊቱን በመግቢያው በኩል በረጅም እንጨት አማስሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ማንም አይግባ! ኦክስጅን የለም፣ ጋዙም ይገድላል።

ደጋ ላይ ከሆናችሁ በብርዱ ወራት ጋዝ መቀነሱ ያለ ነው። የማብላያውን ጉልላት አፈርና ጭድ አልብሱት።

ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ቢጫ ሆነ

መንቀጥቀጡ ቧንቧ ውስጥ ከተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ማፍሰሻውን ክፈቱ። ቢጫው የአየር ማነስ ነው። ሰማያዊ እስኪሆን የምድጃውን አየር ማስገቢያ አስተካክሉ።

ጋዝ ያፈሳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳ አለ። በክብሪት እንዳትፈልጉ።