የኤሊዬ ሳጥን ወለል እንዳይበሰብስ ያደረግኩት

ለኤሊዬ ከጣውላ የሠራሁት ሳጥን በሁለት ወሩ ወለሉ አብጦ መሽተት ጀመረ። ውስጡ ያለውን እርጥብ አፈር ደረቅ ማድረግ ደግሞ አይቻልም፤ ትንሽ ኤሊ በደረቅ ቦታ ካደገ የጀርባው ድንጋይ ጎርበጥበጥ ይላል።

መጀመሪያ ቫርኒሽ ቀባሁ። ውሃው በመገጣጠሚያው በኩል ገባ። ስስ ላስቲክ አነጠፍኩ። ኤሊው በ3 ቀን ቆፍሮ ቀዳደደው፤ ጥፍሩን ንቄው ነበር!

በመጨረሻ አፈሩን አውጥቼ ጣውላውን በደንብ አደረቅኩት። ለኩሬ የሚነጠፈውን ወፍራም ላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ሳልቆርጥ አጣጠፍኩት። ጠርዙን ከአፈሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በስቴፕለር መታሁት፤ ከአፈሩ በታች አንድም ቀዳዳ የለም። እንዳይነክሰው ጠርዙን በቀጭን ጣውላ ሸፈንኩት። ይኸው 5 ወር ሆነው፤ ወለሉ ደረቅ ነው።