ከ40 በኋላ ወደ ቴክ ስትገቡ ሥራ ፍለጋው ላይ ድፍረት እንዴት እንደሚገኝ

ሰላም እኩዮቼ። ይሄን ምጽፈው 40 አልፏችሁ ወይ ወደ 50 እየተጠጋችሁ፣ የቆየ ሥራችሁን ትታችሁ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ሙያ ለምትማሩ ነው። ባሕር ዳር ነው ምኖረው፣ 19 ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ፣ አሁን በ47 ዓመቴ ሶፍትዌር እፈትሻለሁ፣ ኪው ኤ ሚባለው ሥራ ነው። ትምህርቱን እንደምንም ተወጣሁት፤ የከበደኝ ሥራ ፍለጋው ነው። ከፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) በቅርቡ የተመረቁ ልጆች መሀል ሲቪዬን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ እጄን ያልበኝ ነበር። በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ድፍረት ሚመጣው ሰው ፊት ዘርግታችሁ ምታሳዩት ነገር ሲኖራችሁ መሆኑ ነው፣ እሱን እንዴት እንደምትሠሩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ደብተር ያዙና የድሮ ሥራችሁን ጻፉ። የሥራ መደቡን ስም ተዉት፣ በየቀኑ እጃችሁ ምን ይሠራ እንደነበር ነው ምትጽፉት። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ በሞዴል 19 እቃ አስገባለሁ፣ በሞዴል 22 አወጣለሁ፣ ቢን ካርድ ላይ፣ የእቃው ገቢና ወጪ ሚጻፍበት ካርድ ነው፣ እመዘግባለሁ፣ በቆጠራ ጊዜ ካርዱና መደርደሪያው ካልገጠመ ወደኋላ እየሄድኩ ስህተቱን እፈልጋለሁ። አንዴ የፕሪንተር ቀለም በካርዱ 12፣ መደርደሪያው ላይ 11 ሆኖብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ አንድ ሞዴል 22 ካርዱ ላይ ሳይወራረስ መቅረቱን አገኘሁ። ታዲያ ሶፍትዌር መፈተሽ ይሄው አይደል እንዴ? ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ሆነ፣ የቱ ጋ ተሳሳተ፤ ባግ ሪፖርት (የሶፍትዌር ስህተት ማሳወቂያ) ማለት ይህችው ናት። አስተማሪ የነበራችሁ ሰው ያልገባውን ነገር እስኪገባው ማስረዳት ታውቃላችሁ፣ የደንበኛ ድጋፍ ላይ ይሄ ወርቅ ነው። ባንክ መስኮት ላይ የሠራችሁ ደግሞ ሰው ብር ሲልክ የቱ ጋ እንደሚሳሳት ከፕሮግራመሩ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚ "ከዜሮ ነው ምጀምረው" ሚለውን ቃል ተዉት፣ ውሸት ነው።

ትምህርቱን በአጭሩ ልለፈው። አንድ መንገድ ምረጡና እሱን ጨርሱ። ፍሪኮድካምፕ ሚባለው ኮድ ሚያስተምር ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ የተጀመረ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ቀኑ እንዳይባክን ቪዲዮውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ጥቂት ገጽ ፕሪንት አድርጉ። "በሦስት ወር ፕሮግራመር እናደርጋለን" ሚል ማስታወቂያ ላይ ብራችሁን አትጣሉ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኤስኪውኤልን፣ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ደግሞ ተማሩት፣ እኔን በጣም ነው ያጽናናኝ፣ ምክንያቱም በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አይቢኤም ውስጥ የተሠራ ነገር ነው፣ የኛ እኩያ ነው ማለት ነው፣ ዛሬም ብዙ ሥራ ይሠራበታል።

አሁን ዋናው ነገር። አጠገባችሁ ላለ ሰው ሚጠቅም አንድ ነገር ሥሩ። እኔ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ነው የወሰድኩት። ጸሐፊው በደብተር ነበር ሚይዘው፣ ከአባላቱ ሁለቱ በራሳቸውም በአባታቸውም ስም አንድ ስለሆኑ የአንዱ ክፍያ ሌላው ላይ እየተጻፈ በየስብሰባው ጭቅጭቅ ነበር። መጀመሪያ ጎግል ሺት (ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰንጠረዥ) ላይ አስገባሁት፣ ለእያንዳንዱ አባል የራሱ ቁጥር ሰጠሁት፣ ጭቅጭቁ ቆመ። ፕራይመሪ ኪ ሚባለው ነገር፣ አንዱን መዝገብ ከሌላው ሚለይ የማይደገም ቁጥር፣ ከስንት ቪዲዮ በኋላ በትክክል የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዛ ወደ ዳታቤዝ አዞርኩትና የሰዎቹን ስምና ስልክ በሙሉ በሐሰተኛ ቀይሬ ጊትሀብ ላይ፣ ሰው የሠራውን ኮድ ሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ ነው፣ ጫንኩት። የሰው መረጃ እንዳለ አትጫኑ፣ አደራ!

ፈታሽ መሆን ለምትፈልጉ ሌላም አለ፣ ስልካችሁ ላይ ያሉትን አፖች ራሳችሁ ፈትሹ። ለምሳሌ ስልክ ቁጥር ሚጠይቅ ፎርም በ09 ሚጀምረውን ተቀብሎ የሳፋሪኮሙን 07 እምቢ ይላል ወይ? በኛ አቆጣጠር ቀን ሚቀበል ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 አስገቡ፣ መቀበል አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን መቀበል የለበትም፣ ያ ዓመት ጳጉሜው 5 ብቻ ነበር። ያገኛችሁትን በአራት መስመር ጻፉት፦ ምን ነካሁ፣ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ በምን ስልክ ላይ። እንዲህ ያሉ አስር ሪፖርቶች ካሏችሁ ከብዙ ሰርተፍኬት በላይ ያወራሉ፤ ጳጉሜን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ፈታሽ አያስባትም።

ሲቪ ላይ የልደት ቀን ካልተጠየቀ አትጻፉ፣ ያላችሁን እድሜ ግን አትዋሹ። "አዲስ ምሩቅ፣ 0 ዓመት ልምድ" ሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሳታዝኑ እለፉት።

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ "ጋሼ" ሚለው ነገር አለ። የመጀመሪያው ቦታ ልጁ "ጋሼ፣ ይሄ ሥራ አይከብድዎትም?" ሲለኝ አስር ደቂቃ ያህል ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ለምን ሥራ እንደለቀቅኩ ሳስረዳ ቆየሁ፣ ያመጣሁትን ሥራ ሳላሳየው ሰዓቱ አለቀ። በጣም አዘንኩ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያ ነው ያደገው፣ ግን ጋሼ ተብላችሁ ከተቀመጣችሁ እሱም በነጻነት አይጠይቃችሁም፣ አለቃችሁ ሆኖ ሊያዛችሁም ያፍራል። ስለዚ ገና ሰላም ስትሉት "አንተ በለኝ፣ ሥራ ላይ እኩል ነን" በሉት። "ለምን በዚህ እድሜ?" ሲባል መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ "19 ዓመት በካርድና በመደርደሪያ መሀል ያለ ልዩነት ስፈልግ ኖሬያለሁ። አሁን እሱኑ ሶፍትዌር ላይ እየሠራሁ ነው፣ ይኸው ላሳይህ" ብላችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። ማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ "ይሄን አልሠራሁትም፣ ብሠራው ግን ከዚህ ነው ምጀምረው" በሉ። ይሄን ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እየሄድኩ ስልኬ ላይ እየቀዳሁ መልሼ እሰማው ነበር፣ ታንኳ ሚቀዝፉት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት ማንም አይሰማችሁም፣ በሦስተኛው ሳምንት ድምፄ መንቀጥቀጡን አቆመ።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የፖሊ ተማሪ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት እንደ ጠያቂ ሆኖ ይፈትነኝ ነበር። ከልጅ መማር አያሳፍርም፣ ቡና አፍሉለት፣ አመስግኑት።

ያመለከታችሁበትን ሁሉ ሺት ላይ መዝግቡ፦ ቀን፣ ድርጅት፣ ምን ላካችሁ፣ ምን መለሱ። መልስ በናንተ እጅ አይደለም፣ በሳምንት አምስት መላክ ግን በናንተ እጅ ነው፣ እሱን ቁጠሩ። አንድ ወር ሙሉ ማንም ካልጠራችሁ ሲቪውን ቀይሩ፣ ጠርተዋችሁ ካልቀጠሯችሁ ልምምዱን ጨምሩ፣ ሁለቱ የተለያየ ችግር ነው። ለመቀጠር ብር ክፈሉ ሚል ካለ ሥራ አይደለም፣ ቁጥሩን አግዱት። ሲቀጥሯችሁ ደግሞ ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜውን እዩ፣ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እኔ ያን ጊዜ ያገኘሁትን ባግ በሙሉ በየቀኑ በደብተር እይዝ ነበር፣ ግምገማው ቀን ይዤው ገባሁ።