ቅጠል ዘላዮችን በአካላቸው ምልክት ስለ መለየት

ክረምቱ ሲጋመስ በቡሬ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን የበቆሎ ማሳዎች፣ ቅጠሉ ሲነካ ወደ ጎን ሸርተት ብለው የሚዘሉ ከስንዴ ቅንጣት ያነሱ፣ ቅጠል ዘላይ የሚባሉ ነፍሳት ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል ሲካዱሊና የተባለው ወገን (ማለትም የተዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ) በአፍሪካ የበቆሎን የቅጠል መስመር በሽታ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያስተላልፋል፤ ሌሎቹ ብዙዎች ግን ከሣር ወደ ማሳው የመጡ አላፊዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ መድኃኒት መርጨት ገንዘብንም ጠቃሚ ነፍሳትንም ያጠፋልና ማንነታቸውን አስቀድሞ መለየት ይገባል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የኋላ እግር እንጂ ቀለም አይደለም። ቅጠል ዘላይ በኋላ እግሩ ቅልጥም ላይ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ሚዶ ጥርስ በረድፍ የተደረደሩ ጠንካራ ጸጉሮች አሉት። ተክል ዘላይ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ በቅልጥሙ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ትልቅ እሾህ ሲኖረው፣ ግልገሎቹ በአረፋ ውስጥ የሚያድጉት ነፍሳት ደግሞ በቅልጥማቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት ጎላ ያሉ እሾሆች፣ በጫፉም ላይ የእሾህ ክምችት አላቸው። ጥርጣሬ ከቀረ አንቴናውን ማየት ነው፤ የቅጠል ዘላይ አንቴና አጭርና እንደ ጸጉር የቀጠነ ሆኖ ከዓይኖቹ መካከል ሲወጣ፣ የተክል ዘላይ ግን ከዓይኑ በታች ይበቅላል። ለዚህ ሁሉ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል።

ናሙና ለመሰብሰብ የሚመረጠው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ብርዱ ገና ስላልለቀቃቸው እንደ ቀትር ፈጥነው አያመልጡም። በስስ ጨርቅ መረብ የቅጠሉን ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ የተያዘውን ከ70 እስከ 75 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ማኖር ይቻላል፤ ነገር ግን አረንጓዴው ቀለም በአልኮል ውስጥ ስለሚደበዝዝ፣ ነፍሳቱ በሕይወት ሳሉ የነበራቸውን መልክ መጻፍ የግድ ነው። ክንፉ ገና ጉጥ መስሎ የሚታይ ግልገል ከሆነ ዝርያውን ለመሰየም መሞከር አይገባም፤ አምስት የዕድገት ደረጃዎችን እስኪያልፍ ድረስ ዋነኞቹ ምልክቶች አይሟሉም።

ከዚህ በኋላ ጭንቅላትና ክንፍ አንድ ላይ ይታያሉ። ሲካዱሊና ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቢጫማ፣ በጭንቅላቱ የፊት ጠርዝ ላይ ሁለት ክብ ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉት ነው። ሆኖም ነጠብጣብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእስያ ጥጥንና ባሚያን በማጥቃት የታወቀው አምራስካ ቢጉቱላም በጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ በየክንፉ ጫፍ አቅራቢያ ግን አንዳንድ ተጨማሪ ነጥብ ይታይበታል። ከነጥቡ ይልቅ የሚታመነው የክንፉ ሥር፣ ማለትም በክንፉ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋው መስመር ነው። በአምራስካም ሆነ ድንችንና ባቄላን በሚመጥጠው አረንጓዴው ኢምፖአስካ፣ የክንፉን ሥሮች የሚያገናኙት ተሻጋሪ መስመሮች ወደ ጫፉ ብቻ ይገኛሉ፤ በሲካዱሊና ግን ከክንፉ መሐል አካባቢም አሉ። የእጅ መነጽር የሚያደርሰው እስከዚህ፣ ማለትም እስከ ወገኑ ነው።

ከወገን ወደ ዝርያ ለመውረድ፣ ለምሳሌ ሲካዱሊና ምቢላን ከሲካዱሊና ስቶሬይ ለመለየት፣ የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል። ሴቷ በሆዷ ሥር ወደ ኋላ የሚዘልቅ፣ ተክል ሰንጥቃ እንቁላል የምትጥልበት መጋዝ መሰል አካል ስላላት በቀላሉ ትታወቃለች፤ ይህ የሌለው ወንድ ነው። የወንዱ ሆድ ተቆርጦ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሥጋው ይሟሟና ጠንካራው ክፍል ይቀራል፤ ከዚያም ታጥቦ በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ይታያል። ዝርያውን የሚወስነው የብልቱ ቅርጽና በላዩ ያሉት ቀንበጦች ናቸው። ኬሚካሉ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ሳይሆን በቤተ ሙከራ፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ መነጽር ይሠራ። በማሳው ሴቶች ብቻ ከተገኙ «ሲካዱሊና፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ የተሻለ ትክክለኛነት አለው፤ እኔ እንዲህ ያለውን መዝገብ በግምት ከተሞላ የዝርያ ስም አብልጬ አምነዋለሁ።

ናሙናው ወደ አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ሌላ የነፍሳት ባለሙያ የሚላክ ከሆነ፣ በብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ወረቀቱ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ የተያዘበትን ተክልና ከፍታውን ይያዝ። ጎጃም ከዓባይ በረሃ አንሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው ጮቄ ተራራ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ «ምሥራቅ ጎጃም» ብቻ የተጻፈበት ናሙና ከቆላ ይሁን ከውርጭ ለባለሙያው አይነግረውም።