የትንሽ አማራጭ ትምህርት ቤት ቁጥሮች ሲነበቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ሥርዓት ውስጥ «አማራጭ» የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። መቶ የማይሞሉ ተማሪዎችና በጣት የሚቆጠሩ መምህራን ይኖሩታል። ወደዚያ የሚገባው በዕድሜው 12ኛ ክፍል መድረስ ሲገባው የ9ኛ ክፍል ክሬዲት (ኮርስ ሲታለፍ የሚያዝ ነጥብ) ያልሞላለት ወጣት ነው፤ ወልዳ ወደ ትምህርት የተመለሰች ልጅ ናት፤ ቤተሰቡን ለመርዳት ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚያንቀላፋ ነው፤ በ17 ዓመቱ ከሌላ አገር መጥቶ ቋንቋውን ገና የሚለምድ ነው። ስሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚቀበሉት «ኮንቲኑዌሽን» ሲባሉ፣ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ደግሞ «ትራንስፈር» ትምህርት ቤቶች ይባላሉ።

እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የሬጅስትራር ክፍል ውስጥ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች የውጤት መግለጫ በወጣ ማግስት ስልኩ ፋታ አይሰጥም ነበር። የሚደውሉት ወላጆች፣ የትምህርት ቦርድ አባላት፣ አንዳንዴም ጋዜጠኞች ናቸው። የሚያነቡት ቁጥር ትክክል ነው፤ ከቁጥሩ ተነሥተው የሚደርሱበት መደምደሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነበር። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

የአንድ ቀን ቆጠራን የዓመቱ ተማሪ ብዛት አድርጎ መውሰድ

የተማሪ ቁጥር ተብሎ የሚታተመው በአብዛኛው በአንድ የተወሰነ ቀን የተቆጠረው ነው። ሚሺጋን ውስጥ ለምሳሌ ዋናው ቆጠራ የሚካሄደው በኦክቶበር የመጀመሪያው ረቡዕ ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ አንድ ጊዜ ይደገማል። ለትልቅ ትምህርት ቤት ይህ ብዙም ችግር የለውም፤ በኦክቶበር ያሉት ልጆች በጁንም እነዚያው ናቸው ማለት ይቻላል። አማራጭ ትምህርት ቤት ግን እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው።

እንበል በኦክቶበር 84 ተማሪዎች ነበሩ። በዓመቱ ውስጥ 61 አዲስ ገቡ፣ 52 ወጡ። በጁን 93 ሆኑ ማለት ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ዘጠኝ ተማሪ ጨመረ» ብሎ ያልፋል። ትምህርት ቤቱ ግን ያስተናገደው 145 ልጆችን ነው። የእያንዳንዳቸውን የቀድሞ ማስረጃ አስመጥቷል፣ የጎደላቸውን ክሬዲት ቆጥሯል፣ አማካሪ መድቧል። በጀቱ ግን ቆጠራውን እንጂ ይህን ድካም አይከተልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ የሚታሰበው በየቀኑ በአማካይ ክፍል በተገኙት ተማሪዎች ልክ ስለሆነ፣ መቅረት የበዛበት ትምህርት ቤት ለተመዘገቡት ሁሉ ሙሉ ገንዘብ አያገኝም።

ስለ ወጡት 52 ልጆች መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ የት ሄዱ? ከእነሱ መካከል በጃንዩዋሪ ክሬዲታቸውን ጨርሰው የተሰናበቱ ይኖራሉ። በመዝገቡ ላይ የእነሱ ምረቃ እንደ ተማሪ መቀነስ ሆኖ ይታያል። በተገላቢጦሹም የተማሪ ቁጥር ማደግ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ትልቁ ትምህርት ቤት የሚያስቸግሩትን ልጆች ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት እየሸኘ እንደሆነም ሊያመለክት ይችላል።

የአንድን ልጅ ዕጣ የትምህርት ቤቱ ዕጣ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ፣ ከተማሪዎቹ አንድ ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ የማይመረቁበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግዛቱ ለይቶ ለልዩ ድጋፍ እንዲመዘግበው ያዛል። በተግባር የሚሠራበት መስመር 67 በመቶ ነው። አሁን 20 ተመራቂ ሊሆኑ የሚገባቸው ተማሪዎች ያሉበትን ትምህርት ቤት አስቡ። 14 ከተመረቁ 70 በመቶ ነው፤ ከመስመሩ በላይ። 13 ከተመረቁ 65 በመቶ ነው፤ ከመስመሩ በታች። የመጨረሻውን ፈተና ማለዳ እናቷን ሆስፒታል ይዛ የሄደች አንዲት ልጅ ትምህርት ቤቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ልታሻግረው ትችላለች።

ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። ከ100 በታች ተማሪ ላለው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት፣ ግዛቱ ከፈቀደ የትምህርት ወረዳው የማሻሻያ እርምጃዎቹን ሊተዋቸው እንደሚችል ጽፏል። አንባቢ ግን ይህን አያውቅምና በየዓመቱ ይደነግጣል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ ደምሩ፤ ፐርሰንቱን ትታችሁ ራስ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ዓመት ከ20 ልጆች 14፣ በሁለተኛው ከ18 ልጆች 9፣ በሦስተኛው ከ22 ልጆች 16 ተመረቁ እንበል። በየዓመቱ ቢነበብ 70፣ 50፣ 73 በመቶ ይሆናል፤ መጀመሪያ ውድቀት፣ ቀጥሎ ተአምር የመጣ ይመስላል። ሲደመር ግን ከ60 ልጆች 39 ተመርቀዋል፤ 65 በመቶ። የረጋውና ለውይይት የሚበቃው ቁጥር ይህ ነው።

ከጎረቤቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር

አንድ አባት ነበሩ፤ ልጃቸው ከትልቁ ትምህርት ቤት ወደ እኛ በተዛወረ በሁለተኛው ወር መግለጫውን አትመው ቢሮ ድረስ ይዘው መጡ። «ወንድሜ፣ እዚያ 94 ይላል፣ እዚህ 40 ይላል። ልጄን የት ነው የጣልኩት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸውና ወረቀት አወጣሁ። ያን ቀን የሳልኩላቸውን ሥዕል እዚህ ልድገመው፤ ከሁሉም ስህተቶች ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታልና።

የምረቃ መጠን የሚሰላው በባች ነው። 9ኛ ክፍል አብረው የጀመሩ ልጆች አንድ ባች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የተዛወረ ልጅ ከለቀቀው ትምህርት ቤት ባች ይወጣና በተቀበለው ትምህርት ቤት ባች ውስጥ ይጨመራል። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የፌዴራል መመሪያ ለሁሉም ግዛቶች አንድ ሆኖ ተደነገገ። ደንቡ በራሱ ፍትሐዊ ነው፤ የተዛወረን ልጅ አቋረጠ ብሎ ከመቁጠር ይሻላል።

አሁን 400 ልጆች ያሉበትን የትልቁን ትምህርት ቤት ባች ውሰዱ። ማንም ባይዛወር 360 ይመረቃሉ፤ 90 በመቶ። ነገር ግን ወደ ኋላ ከቀሩት መካከል 20ዎቹ ወደ አማራጩ ተላኩ። እዚያው ቢቆዩ ኖሮ አንዳቸውም አይመረቁም ነበር እንበል። ትልቁ ትምህርት ቤት አሁን ከ380 ልጆች 360 አስመረቀ፤ ወደ 95 በመቶ ተጠጋ። አማራጩ ደግሞ ከተላኩለት 20 ልጆች 8ቱን በጊዜያቸው አስመረቀ፤ 40 በመቶ። በትምህርት ወረዳው ደረጃ 360 የነበረው ተመራቂ 368 ሆነ፤ 90 በመቶ የነበረው 92 ሆነ።

ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስምንቱን ልጆች ያዳነው ትምህርት ቤት በመግለጫው ላይ ወራዳው ነው፤ ምንም ያልጨመረው ደግሞ ተሸላሚው። አባትየው ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ «ታዲያ ይህን ማን ያውቃል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ማወዳደር የግድ ከሆነ ከአምሳያው ጋር ይሁን። ካሊፎርኒያ ለአማራጭ ትምህርት ቤቶች የተለየ መደብ ያላት ሲሆን፣ በዚያ ለመግባት ከተማሪዎቹ ቢያንስ 70 በመቶው ለማቋረጥ የተጋለጡ ተብለው የተለዩ መሆን አለባቸው። ቴክሳስም እነዚህን ትምህርት ቤቶች የምትመዝንበት የተለየ ደንብ አላት።

በአራት ዓመት ሰዓት ብቻ መለካት

ዋናው የምረቃ መጠን የሚቆጥረው በአራት ዓመት ውስጥ የተመረቁትን ብቻ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ደግሞ ልጁ ወደ አማራጩ ሲገባ አይደለም፤ የዛሬ ሦስት ወይም አራት ዓመት 9ኛ ክፍል የገባ ዕለት ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ለዲፕሎማ 44 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት 11 ማለት ነው። በአራተኛ ዓመቱ 11 ክሬዲት ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ 33 ይቀረዋል። ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ቢፈጥንና በዓመት አሥራ ስድስት ተኩል ቢያገኝ እንኳ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። በሕይወቱ ፈጥኖ በተማረበት ዓመት ማብቂያ ላይ መግለጫው «አልተመረቀም» ይለዋል።

ስለዚህ የአምስትና የስድስት ዓመቱን መጠን ፈልጉ። ሕጉ ግዛቶች የተራዘመውን ስሌት እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ ቴክሳስን የመሳሰሉት ያወጡታል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ መሆኑ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፦ ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና ተፈትኖ ያለፈ ወጣት በዚህ ስሌት ተመራቂ ተብሎ አይቆጠርም። ይህን የማያውቁ ወላጆች «ቶሎ ይገላገል» ብለው ወደዚያ ሲገፉ አይቻለሁ። ለአንዳንዱ ልጅ ትክክለኛው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ከዲፕሎማ ጋር አንድ ነው ብሎ መወሰን ግን ሌላ ነገር ነው።

ኮከቡን እንደ ዜሮ ማንበብ

በሠንጠረዡ ላይ ቁጥር ሊኖር በሚገባበት ቦታ ኮከብ ካያችሁ፣ ልጆቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱ ተሸፍኗል ማለት ነው። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተማሪን መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ፤ አራት ልጆች ብቻ በተፈተኑበት ክፍል «ሁሉም ወደቁ» ብሎ ማተም የአራቱንም ስም እንደመጻፍ ነው። ኮከብ ሽንፈት አይደለም፤ መደበቅም አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው የፈተናው አካፋይ ነው። ከተማሪዎቹ ቢያንስ 95 በመቶው የግዛቱን ፈተና መፈተን አለባቸው። ካልሞላ፣ የጎደሉት እንዳላለፉ ሆነው ወደ ስሌቱ ይገባሉ። ከ20 ልጆች 15 ተፈትነው 6 ቢያልፉ፣ ከተፈተኑት 40 በመቶ ነው። በስሌቱ ግን አካፋዩ 19 ስለሚሆን ውጤቱ ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ የፈተና ቀን ያልመጡትን ልጆች ይመለከታል፤ ስለ ሒሳብ መምህሩ የሚነግረን ነገር የለም። ከማማረር በፊት የተፈታኙን ብዛት እዩ።

የቀሪን ብዛት ያለ መነሻ መፍረድ

የትምህርት ቀኖቹን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ተማሪ «በተደጋጋሚ ቀሪ» ይባላል፤ ትምህርቱ 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን ማለት ነው። አምና ከግማሽ በላይ ቀርቶ ዘንድሮ ከአምስት ቀን አራቱን የሚመጣ ልጅ አሁንም እዚያው መደብ ውስጥ ነው። አምና ስንት ቀን እንደቀረ ካልተጠየቀ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም።

ሁሉንም በልጆቹ ችግር ማሳበብ

እስከ አሁን ለትምህርት ቤቱ ጠበቃ የቆምኩ መስዬ ከሆነ፣ ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ በእኔ ግምት ልጆቹን አብዝቶ የሚጎዳውም እሱ ነው። «ምን ይደረግ፣ ልጆቹ ችግረኞች ናቸው» የሚለው ቃል በመምህራን ክፍል ውስጥ ሲለመድ፣ ማስተማር ቀርቶ ማሳለፍ ይጀመራል።

ምልክቱ ክሬዲት ላይ ይታያል። ያመለጠን ትምህርት በኮምፒውተር ማሟላት ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ልጅ የሚያውቀውን እየዘለለ የጎደለውን ብቻ ይማርበታል። ነገር ግን የአንድ ሴሚስተር አልጀብራ በሦስት ከሰዓት በኋላ አልቆ ከተገኘ ማንም ምንም አልተማረም። ስለዚህ የምረቃ መጠኑን ለብቻው አትመኑት። ክሬዲቱ በየወሩ እንዴት እንደተመዘገበ ጠይቁ፤ ክሬዲት ያገኙት ልጆች በግዛቱ ፈተና ምን እንዳመጡ አስተያዩ፤ ከተመረቁ በኋላ ኮሌጅ የገቡት እንደገና መሠረታዊ ሒሳብ ውሰዱ ተብለው እንደሆነ አጣሩ። ክሬዲቱ እየጨመረ ፈተናው ባለበት ከቆመ፣ ጥያቄው ለርእሰ መምህሩ ነው እንጂ ለልጆቹ ቤተሰብ አይደለም።

እኔ በሠራሁበት ትምህርት ቤት አንድ ዓመት በሜይ ወር ብቻ የተመዘገበው ክሬዲት ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ከተመዘገበው በለጠ። መዝገቡን ያስገባሁት እኔው ነበርኩ፤ አልጠየቅሁም። በተከታዩ ዓመት የመጣችው ርእሰ መምህር ዝርዝሩን አስወጥታ አየችና፣ ከዚያ ወዲያ ኮርስ በኮምፒውተር የጨረሰ ተማሪ ሁሉ መምህር ፊት ተቀምጦ በወረቀት እንዲፈተን አዘዘች። አጉረመረምን። አንዳንዶቹ ልጆች ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈተኑ፤ ሰባቱ ለጁን ምረቃ አልደረሱምና እስከ ክረምቱ ማብቂያ ቆዩ። የዚያ ዓመት የምረቃ መጠን ወረደ፤ የአካባቢው ጋዜጣም «ወረደ» ብሎ ጻፈ።