ጎጃም ላይ ስለ ሽብርና ፖለቲካዊ ግጭት ለምታጠኑ፣ ከነዚህ ስህተቶች ራቁ

ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ማስተርስ የሚሠሩ ብዙ ልጆች አሁን አሁን ሽብር፣ ግጭት፣ ታጣቂ ምናምን የሚል ርዕስ ይዘው ነው የሚመጡት። አይገርምም፣ እየኖርንበት ነው። ግን ዲፌንስ ላይ (ጥናታቸውን ለፈታኞች ሲያቀርቡ) የሚጥላቸው ቲዎሪው አይደለም፣ ዳታውን ማን እንደቆጠረውና እንዴት እንደቆጠረው ሳይጠይቁ መግባታቸው ነው።

መጀመሪያ፣ የመንግሥትን የአሸባሪዎች ሊስት የጥናታችሁ ትርጉም አታድርጉት። የፀረ ሽብር ሕጉ፣ አዋጅ 1176/2012፣ ለፍርድ ቤት ነው የወጣው። ፓርላማው ግንቦት 7ን በ2003 ፈርጆ በ2010 አወጣው፣ ህወሓትን በ2013 ፈርጆ በ2015 ሰረዘው። ታዲያ በ2014 የተጻፈ ቻፕተር በዓመቱ ውሸት ሆነ ልንል ነው? በላይ ዘለቀንም እኮ ጣሊያን ሽፍታ ነበር የሚለው። ስለዚህ ድርጊቱን ኮድ አድርጉ፣ ማለትም በነዚህ ጥያቄዎች መድቡት፦ ማን መታ፣ የተመታው ሲቪል ነው ወይ፣ ሌላውን ለማስፈራራት ታስቦ ነው ወይ። ያንኑ መለኪያ ደግሞ ለታጣቂውም ለመንግሥት ኃይልም እኩል ተጠቀሙ፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ጥናት ሳይሆን መግለጫ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው በጣም የበዛው ነው። አክሌድን (ACLED፣ የግጭት ክስተቶችን የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ዳታቤዝ ነው) አውርዶ ኤክሴል ላይ ግራፍ መሥራት፣ መስመሩ ወረድ ሲል "ግጭቱ ቀነሰ" ብሎ መጻፍ። አክሌድ በአብዛኛው የሚሰበስበው ከሚዲያና ከአካባቢ ምንጮች ሪፖርት ነው፣ አማራ ክልል ደግሞ ሐምሌ 28፣ 2015 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ እና አንድ ቆላ ቀበሌ ውስጥ የሆነ ነገር ማን ደውሎ ለማን ይናገራል? ግራፉ የወረደው ግጭቱ ስለቀነሰ ይሁን ወሬው ስላልወጣ ሳትለዩ አትፍረዱ። የመራዊው ግድያም እንደዚሁ ነው፣ ጥር 20፣ 2016 ተገደሉ ብሎ ኢሰመኮ (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን) አረጋገጥኩ ያለው ቢያንስ 45 ሲቪል ነው፣ ይሄ የመጨረሻ ድምር አይደለም፣ ከዚህ አያንስም ማለት ነው። ልጆቹ ግን 45ን ቁርጥ አድርገው ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገቡታል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት ዳታ ደግሞ ግጭት ብሎ የሚይዘው በዓመት 25 የውጊያ ሞት ሲደርስ ነው፣ ከዛ በታች ያለው ሊስቱ ላይ ባይኖር ሰላም ነበር ማለት አይደለም። (የሜሪላንዱ ግሎባል ቴረሪዝም ዳታቤዝ ላይ እ.ኤ.አ. የ1993 መረጃ ጠፍቶ ቀርቷል፣ ያን ዓመት ዜሮ ብሎ ትሬንድ የሠራ ሰው አይጠፋም።)

ቀን አቆጣጠሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ያበላሻል። የአዴትም የቢቸናም ገበሬ ቀኑን በቁጥር አይነግራችሁም፣ "የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ግድም" ነው የሚላችሁ። ተማሪው ዋዜማ ስለተባለ ኅዳር 11 ይላል፣ ስልኩ ላይ ሳያይ በልማድ ኖቬምበር 20 ብሎ ይጽፋል። 2015 ጳጉሜዋ 6 ስለነበረች ግን የ2016 ኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 22 ነው የዋለው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ደግሞ በፈረንጁ 22 ከገባ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ተሳሳተ ማለት ነው፣ ከዛ ዳታቤዙ ላይ 22 ተብሎ የተመዘገበውን ሲያገኝ ሌላ ጥቃት መስሎት አንዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። "ሲነጋ ምን ቀን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አለቀ። ዞኑንም እዩት፣ መራዊ የድሮ ፋይል ላይ ምዕራብ ጎጃም ናት፣ አሁን ሰሜን ጎጃም።

ሌላው፣ ግጭት ያለበትን ወረዳ ብቻ መርጦ "ምክንያቱ ድህነት ነው" ማለት። ድህነቱ ጸጥ ያለው ወረዳም አለ እኮ። በ1960 በእርሻ ገቢ ግብሩ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሲያምፁ አዋጁ ለሁሉም የወጣ ነበር፣ ግን ሁሉም አውራጃ እኩል አልተነሳም። ጥያቄው እዛ ላይ ነው ያለው፣ ያልተነሳውንም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የሰዎቹ ነገር ነው። የስምምነት ፎርም ይዞ ገጠር ገብቶ "እዚህ ጋ ፈርሙልኝ አባባ" ማለት፣ ከዛ ወረቀቱንም የቀዳውን ድምፅም ስልኩ ላይ እንደያዘ ኬላ ላይ መፈተሽ። በቃል ማስፈቀድ ይበቃል፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ በቃል እንዲሆን እንዲፈቅድላችሁ ፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ድምፅ ባትቀዱ ይሻላል፣ ማስታወሻ ያዙ። ስም ቀይሬያለሁ የሚለውም አያታልላችሁ፣ "ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ 34 ዓመት፣ እንዲህ የሚባል ቀበሌ" ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ስም ምን ያደርጋል፣ በአንድ ቀበሌ ያሉት ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዷ 34 ከሆነች ቀበሌው በሙሉ ያውቃታል። ወረዳ ላይ አቁሙት፣ ዕድሜውን በ30ዎቹ በሉት፣ ሥራውን "የመንግሥት ሠራተኛ"፣ በቃ።